ኦቨኑ፣ ዳንቴሏና ቆራሌው

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው አይደል? ዛሬ ላሟን ተዉአት፣ በረቷም ይቆይ። የዛሬው ተረት ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። «ይሁን፣ ከኩሽናም እንሰማለን» በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? ደግ። አንተ ከኋላ ያለኸው ግን ከንፈርህን ብቻ ነው ያነቃነቅኸው፤ አይቼሃለሁ።

ዕቃ እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ሰው ደግሞ የዕቃን ወሬ መስማት በተወበት ዘመን፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ዳቦ ሲደፉ ሰፈሩ ሁሉ እጃቸውን ያመሰግናል። ነገር ግን የሠላሳ ዓመት ጭስ ዓይናቸውን አቅልቶት፣ ሐዘን ሳይኖር እንባቸው ይወርድ ነበር። ሐኪሙም «እትዬ፣ ወይ ጭሱን ወይ ዓይንዎን፣ አንዱን ይምረጡ» አላቸው። ልጃቸው ስመኝ ይህን በሰማች በሳምንቱ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ገዝታ መጣች።

ኦቨኑ ከካርቶኑ ወጥቶ ዙሪያውን ቢያይ፣ ኩሽናው በነባር ነዋሪዎች ተሞልቷል። በሩ አጠገብ ዕድሜ የጠገበው የከሰል ምድጃ አያ ከሰል ተቀምጧል። ከግድግዳው ጥግ እትዬ ፍሪጅ ቆማ ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች። መስኮቱ ላይ ድመቷ እመት ውሮ ተኝታ፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ ታየዋለች።

«ይሄ ነበልባል የሌለው እሳት ደግሞ ከየት መጣ?» አለ አያ ከሰል። «እሳት ማለት ይታያል፤ ይጨሳል። የሚደበቅ እሳት አላምንም።»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለች እትዬ ፍሪጅ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» አለች እመት ውሮ፤ ይህን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ኦቨኑ አንገቱን ደፋ። ምን አጠፋሁ ሊል አሰበና ገና ምንም እንዳልሠራ ትዝ ቢለው ተወው።

በዚያ ቤት ዕቃ እርቃኑን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ይለብሳል፣ ሬዲዮው ይለብሳል፣ ስልኩ እንኳ የራሱ ልብስ አለው። ወይዘሮ ደብሪቱም ከሣጥን ውስጥ አንዲት ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለች ነጭ ዳንቴል አወጡ። በልጃገረድነታቸው በኪሮሽ የሠሯት ናት፤ ከዕቃ ሁሉ እሷን ይወዳሉ። ኦቨኑን ከላይ አለበሱት፤ ከኋላው፣ ከግራና ከቀኙም እስከ እግሩ አወረዱለት። ዳቦ ሲጋግሩ ከፊት ብቻ ገለጥ አድርገው በሩን ይከፍታሉ፤ ሌላው እንደተሸፈነ ይቆያል።

ከዚያ ሁሉ ነባር ውስጥ ደግ ቃል የተናገረችው ዳንቴሏ ብቻ ነበረች።

«አይዞህ ልጄ» አለችው። «የእነዚህን ነገር በልብህ አታስገባው። እኔ አለሁልህ።»

ኦቨኑ ሊያለቅስ ደረሰ። «እማማ ዳንቴል፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አላት።

እሷም እጥፋቷን አስተካከለች።

የመጀመሪያው ዳቦ ቀን መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሊጡን አቡክተው፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሰው፣ ኮባ አንጥፈው ከተቱት። ኦቨኑ በደስታ ቀላ። ዳቦው ማበጥ ጀመረ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ኦቨኑን ላብ ላብ አለው፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ዓይኑ ጨለመበት። ጭልም ብሎ ጠፋ።

ዳቦው ሲቆረስ ላዩ ወርቅ፣ ውስጡ ሊጥ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምነው?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

አያ ከሰል ከበሩ አጠገብ አመዱ እስኪበን ሳቀ። ማታ ላይ ዳንቴሏ ቀስ ብላ ለኦቨኑ ሹክ አለችው።

«እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን አንተ ብትባረር ወደ ቦታው የሚመለሰው ማነው? ማን ነው የሳቀው? አስበው ብቻ ነው የምልህ።»

ኦቨኑም አሰበ። ሲያስብ ሲያስብ፣ አያ ከሰል ሌሊት ተነስቶ አንድ ነገር ያደረገበት መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው «እንዴት አደርክ?» ቢለው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ መልስ ይነፍገው ጀመር።

ሁለተኛው ዳቦ ቀን መጣ። ስመኝ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበርና ወይዘሮ ደብሪቱ በልጃቸው ስጦታ ልጃቸውን ሊያበሉ ፈለጉ። ሊጡ ተቦካ፣ አዝሙዱ ተነሰነሰ፣ ኮባው ተነጠፈ። ኦቨኑም ቀላ፣ ዳቦውም አበጠ፣ ሽታውም ቤቱን ሞላ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ላብ ላብ አለው፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ጭልም ብሎ ጠፋ።

ስመኝ ሊጡን በጥርሷ ይዛ «ጥሩ ነው እማዬ» አለች። መዋሸቷን ቤቱ ሁሉ አወቀ።

ዳንቴሏ እንደገና ሹክ አለች። «የሰው ነገር አያገባኝም። ግን እትዬ ፍሪጅ የምትጠባው ካንተ ጋር ከአንድ ሶኬት መሆኑን አይተሃል? አንተ ስትጠፋ እሷ ድምጿ ለምን ከፍ ይላል? አስበው ብቻ ነው የምልህ።»

ኦቨኑ አስቦ ሲያበቃ ደሙ ፈላ።

«እትዬ ፍሪጅ፣ መብራቴን ይመልሱልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«የምን መብራት?»

«የሰረቁኝን!»

«ወይ ጉድ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች እትዬ ፍሪጅ፤ ከንዴቷ የተነሳ በሆዷ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስቆም ሌባ ያለኝ የለም። ትናንት ከካርቶን ወጥተህ ሌባ ትለኛለህ?»

ከዚያ ወዲያ በኩሽናው ውስጥ ማንም ማንንም አያምንም። ፍሪጅ በሯን ጠበቅ አድርጋ ትዘጋለች። አያ ከሰል አመዱን ይቆጥራል። እመት ውሮ ስትሄድ ወደ ኋላዋ እያየች ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዳንቴሏ ነጭ ሆና፣ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጠጋኙን አቶ ቀፀላን አስጠሩ። አቶ ቀፀላ ጠንቃቃ ሰው ነው። መጀመሪያ እጁን ታጠበ። ቀጥሎ «ይቺ እንዳትቆሽሽ» ብሎ ዳንቴሏን ከላይ አነሳት፣ አጣጥፎም ወንበር ላይ አስቀመጣት። ኦቨኑን ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ፣ ሰካው። ኦቨኑ ቀላ። አሥር ደቂቃ ቆየ፤ ቀልቷል። ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ እንደቀላ ነው። አንድ ሰዓት ሞላው፤ ትንፋሹ እንደ ልብ ይወጣል ይገባል። ኦቨኑ ራሱ ገርሞት «የዚህ ሰው እጅ መድኃኒት ነው» አለ በልቡ።

«እትዬ፣ ምንም የለበትም» አለ አቶ ቀፀላ።

«ሁለቴ አሳፍሮኛል እኮ!»

«እንግዲህ ያዩት ነው። ከእኔ ጋር ደህና ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ «በሉ እርቃኑን አይቁም» ብለው ዳንቴሏን መልሰው አለበሱት። አቶ ቀፀላም «እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የት ይገኛል!» ብሎ ዳንቴሏን አመስግኖ ሄደ።

ያን ዕለት ኩሽናው በሐሜት ሊፈርስ ደረሰ።

«አያችሁት?» አለ አያ ከሰል። «ጠጋኝ ሲመጣ ጤነኛ፣ ዳቦ ሲመጣ በሽተኛ!»

«ሆን ብሎ ነው» አለች እትዬ ፍሪጅ። «በዳኛ ፊት ጨዋ የሚመስል ሌባ!»

«እኔስ እንደ ልጄ ነበር ያየሁት» አለች ዳንቴሏ፤ ያዘነች መስላ።

ዘወር ብላም ለኦቨኑ ሹክ አለችው። «ልጄ፣ አያ ከሰልም አይደለም። እትዬ ፍሪጅም አይደለችም። ምናልባት... ከራስህ ይሆን? አስበው ብቻ ነው የምልህ።»

ይቺ ቃል ከሁሉ የከፋች ነበረች። ሌላውን መጠርጠር ይከብዳል፤ ራስን መጠርጠር ግን እንቅልፍ ይነሳል። ኦቨኑ የገዛ ሽቦውን መጠርጠር ጀመረ። ስፒናው ሲሰካ «አሁንም ላሳፍራቸው ይሆን?» እያለ ይሰጋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሳዘነኝ።

ወሩ ሲጋመስ የማርያም ማኅበር ተራ ወይዘሮ ደብሪቱ ላይ ወደቀ። በሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ ይመጣሉ፤ የንስሐ አባታቸው ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ማኅበር ደግሶ ሊጥ ማስቆረስ፣ ዕድሜ ልክ የማይረሳ ነውር ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ አንዴ አያ ከሰልን፣ አንዴ ኦቨኑን አዩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለመጨረሻ ጊዜ አምንሃለሁ» አሉት ኦቨኑን። «ለዓይኔ ስል ነው። ያን ቀንም ከጠፋህ ግን በቃ።»

በመስኮት ብቅ ብለውም በመንገድ የሚያልፈውን ቆራሌ ጠሩት። ቆራሌውን ታውቁታላችሁ፤ አሮጌውን፣ የተሰበረውን፣ የተጠላውን ሁሉ በጆንያ ሰብስቦ የሚሄደው ሰውዬ ነው። በዕቃ ዘንድ ስሙ ሲጠራ ማንኪያ እንኳ ይደነግጣል።

«በሃያ አንድ ጠዋት ብቅ በል፤ የምሰጥህ ዕቃ ሊኖር ይችላል» አሉት።

ኦቨኑም ይህን ሰማ።

በሃያ አንድ ማለዳ፣ ሊጡ ሲያብጥ፣ ኦቨኑ እመት ውሮን በቀስታ ጠራት።

«እመት ውሮ፣ ዳቦ ሲጋገር አንቺ እላዬ ላይ ትተኛለሽ አይደል?»

ድመቷ ዘላ ተነሳች። «ዝም በል! ማን ነገረህ? ዳንቴሏ ላይ ከተገኘሁ ጫማ እንደሚወረወርብኝ አታውቅም?»

«ለማንም አልናገርም። ከመጥፋቴ በፊት ምን እንደሚሆን ብቻ ንገሪኝ። እኔ ራሴን አላይም።»

እመት ውሮ በሩን አየች፣ ፍሪጅን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ ጠጋ አለች።

«መጀመሪያ ሆዴ ሥር ደስ ይላል። ቀጥሎ ይሞቃል። ቀጥሎ ያቃጥላል፤ እዘላለሁ። እኔ በወረድኩ በጥቂቱ አንተ ትጠፋለህ። ሙቀትህ መውጫ አጥቶ ወደ ሆድህ የሚመለስ ይመስለኛል። ጎንህና ጀርባህ ላይ ያሉት መተንፈሻዎች የተሠሩት ለጌጥ ነው እንዴ?»

«መተንፈሻዬን የያዘው ማነው?»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለች እመት ውሮ። «ግን ዳንቴሏን የግራ ጫፏን ለምን ወደ ውስጥ አጥፋ እንደምትይዝ ጠይቃት።»

ኦቨኑ ማመን አቃተው። ሁሉን ጠርጥሯል፤ አያ ከሰልን፣ እትዬ ፍሪጅን፣ ራሱን። እሷን ግን አንድ ቀንም አልጠረጠረም። ደግ ቃል የሰማው ከእሷ ብቻ ነበራ!

«እማማ ዳንቴል» አላት። «የግራ ጫፍዎን ያሳዩኝ።»

ዳንቴሏ እጥፋቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ማን ነገረህ?» አለች።

«ያሳዩኝ።»

ቀስ ብላ እጥፋቷን ፈታች። ነጩ ክር ቡናማ ሆኖ፣ በመስመር በመስመር ተቃጥሏል።

«ከመጀመሪያው ዳቦ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ እያወቁ?»

«እያወቅኩ» አለች። አሁን ሹክሹክታዋ ደርቋል። «ከላይህ ካነሱኝ ወደ ሣጥን ነው የምገባው። አንዴ ገብቼ አሥር ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጨለማውንም ብሉንም አውቀዋለሁ። አንተ ብትሄድ ሌላ ዕቃ ያለብሱኛል። እኔ ብገባ ግን የሚያወጣኝ የለም።»

«እባክዎ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይውረዱልኝ። ዛሬ ማኅበር ነው። የወይዘሮዋንም ዓይን ያዩታል።»

«አልወርድም» አለች ዳንቴሏ፤ እጥፋቷንም መለሰች።

ወዲያው ወይዘሮ ደብሪቱ ገቡ። ሊጡን ከተቱ፤ ከሊጡ ከተረፈችው አንዲት እንጎቻ አድርገው ከጎኑ አስቀመጡ። በሩን ዘግተው አማተቡና ቤት ለማሰናዳት ወጡ። ኦቨኑ ቀላ። ዳቦው አበጠ። ሽታው ቤቱን ሞላው። እመት ውሮ እንደ ልማዷ ማንም እንደማያያት አረጋግጣ ዳንቴሏ ላይ ወጣች።

ከሩቅ ድምፅ መጣ። «ቆራሌው!»

ኦቨኑን ላብ ላብ አለው።

«ቆራሌው!» ድምፁ ቀረበ።

ትንፋሽ አጠረው። «እመት ውሮ፣ ሳቢያት! እባክሽ ሳቢያት!»

«ጫማውስ?» አለች ድመቷ። ሆዷ ሥር ማቃጠል ጀምሯል። «ዳንቴሏን ከጣልኳት ከዚህ ቤት እባረራለሁ። አንተን ያመነ የለም፤ እኔን ማን ያምናል?»

«ማንም ላያምንሽ ይችላል» አለ ኦቨኑ፤ ዓይኑ እየጨለመ። «ግን ዛሬ እኔ በጆንያ ከሄድኩ፣ ነገ ምን ላይ ትሞቂያለሽ? ለእኔ ባይሆን ለራስሽ!»

«ቆራሌው!» በሩ ላይ።

«ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለች እመት ውሮ። «ለሆዴ ብዬ ነው።» ጥፍሯን በሙሉ አወጣች፣ ዳንቴሏን ነከሰቻት፣ ዘለለች።

ዳንቴሏ እየጮኸች ወለል ላይ ወደቀች። የታፈነው ሙቀት በጎንና በጎን፣ በጀርባም «ኡፍ!» ብሎ ወጣ። ኦቨኑ ሊጠፋ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ተነፈሰ፤ እንደገና ተነፈሰ። አልጠፋም።

«አንቺ ድመት!» ወይዘሮ ደብሪቱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እመት ውሮ ፍሪጅ ጀርባ ተወሸቀች። ሴትየዋ ዳንቴሏን ከወለሉ አነሱ፣ አራገፉ፣ ቀና አድርገው አዩ። እጃቸው የግራው ጫፍ ላይ ቆመ። የተቃጠለውን መስመር ቆጠሩ፤ አምስት ነው። ጎንበስ ብለው የኦቨኑን ጎን አዩ፤ መተንፈሻው አምስት መስመር ነው። መዳፋቸውን አስጠጉ። ትኩስ አየር እጃቸውን መታው።

ጫማው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይ እኔ!» አሉ። «በገዛ እጄ አፍንጫህን ይዤ፣ ለምን አትተነፍስም እያልኩ ስቆጣህ ከረምኩ!»

አያ ከሰል አመዱን ማየት ጀመረ። እትዬ ፍሪጅ እንኳ ማጉረምረሟን አቆመች። ኦቨኑ ግን ደስታውም ቂሙም አንድ ላይ መጣበትና እንጎቻዋን ትንሽ አሳረራት። ያን ያህልማ ይፈቀድለታል።

በሩ ተንኳኳ። ዕቃ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ ከሁሉ ይልቅ ዳንቴሏ። ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ከፈቱ።

«የታለ የተበላሸው ዕቃ፣ እትዬ?» አለ ቆራሌው ጆንያውን እያሰፋ።

«ዕቃውስ ደህና ነው ልጄ። የተበላሸው ፍርዴ ነው፤ እሱን ትወስዳለህ?»

ቆራሌው ሳቀ። «እሱንማ በየቤቱ ይሰጡኛል። የሚገዛኝ አጣሁ እንጂ።»

ያችን ጫፏ ያረረች እንጎቻ ሰጡት። ቆርሶ መሃሏን አየ፤ በስላለች። እየበላ ሄደ።

ማኅበሩ ተካሄደ። የንስሐ አባታቸው ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱት እንፋሎቱ ወጣ፤ ማኅበርተኞቹ እስኪጠግቡ በሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሲያወሩም ሲስቁም ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ዳንቴሏንስ? ወደ ሣጥን አልሰደዷትም። አጥበው የዳቦው ጠረጴዛ ላይ አነጠፏት፤ «እንጨት አይተነፍስም» ብለው። የተቃጠለውን ጫፍ ግን አላጠፉትም፤ ሁሉ እንዲያየው ተዉት። ዳንቴሏ ምስጢሯን ቀድማ ብትናገር ኖሮ ሣጥኑ እንደማይጠብቃት ያወቀችው ያኔ ነው። መቼም ፈሪ መንገዱን ራሱ ያረዝማል።

ለፋሲካ ስመኝ ደግሞ አዲስ የውኃ ማፍያ ይዛ መጣች። ከካርቶኑ ወጥቶ ዙሪያውን ቢያይ ኩሽናው በነባር ተሞልቷል። በመጀመሪያው ቀን ማፍያው ውኃውን ሳያፈላ ጠፋ።

«ነገሩ አላማረኝም» አለ አያ ከሰል።

«ከማያውቁት መልአክ...» አለች እትዬ ፍሪጅ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» አለች እመት ውሮ።

ሁሉም ወደ ኦቨኑ ዞሩ። እሱም አሁን ነባር ነዋ! ምን ይል ይሆን ብለው ጠበቁ። ኦቨኑ እንግዳውን አየ፤ አንገቱን ደፍቷል። አፉን ከፈተ።

«መጠርጠሩንስ ጠርጥሩ» አላቸው። «በመጀመሪያ ግን ምን እንዳለበሳችሁት እዩ።»

እናንተም ስሙኝ። አባቶች ከገንፎ ውስጥ ስንጥር አለ ሲሉ አልዋሹም። ነገር ግን ስንጥሩ ከዱቄቱ አልበቀለም፤ ከማማሰያው ወድቆ ነው። ገንፎውን ከመድፋታችሁ በፊት እጃችሁ የያዘውን እንጨት እዩ።

ተረቴ እዚህ አለቀ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካለ አምጡ። መሃሉን ግን መጀመሪያ እናንተ ቅመሱልኝ።